ሁለት ሆናችሁ ጀበና ስትሠሩ፦ እንዳይሰነጠቅ፣ እሳት ውስጥ እንዳይፈነዳ

እቤታቸው ሸክላ መሥራት የጀመሩ ባልና ሚስቶች ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄ አለ። «ጀበናው ሲደርቅ አንገቱ ላይ ለቀቀ፤ ምን አጠፋን?» አንዳንዶቹ ደግሞ «እሳት ውስጥ ገብቶ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ጧ አለ» ይላሉ።

እኔና ባለቤቴም እዚያው ላይ ብዙ ቆይተናል። እኔ ጠዋት ሆዱን እሠራለሁ። እሱ ማታ ከሥራ ሲመለስ አንገቱንና እጀታውን ይሠራል። ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም ያምራሉ። በማግስቱ እንገጣጥማቸዋለን። በአራተኛው ቀን መጋጠሚያው ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ብቅ ትላለች። እሳት ውስጥ ሲገባ በዚያው ለሁለት ይሆናል። እሳቱን ስንወቅስ ከረምን። ጥፋቱ ግን የእሳቱ አልነበረም። የጠዋቱ ጭቃ ጠገግ ብሏል፤ የማታው ገና እርጥብ ነው። እርጥቡ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቀድሞ የደረቀው አብሮት አይሄድም። ስለዚህ መሃላቸው ይላቀቃል።

ይህ መመሪያ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ጀበና አንድ ጭቃ፣ አንድ እርጥበት፣ አንድ ውፍረት። እጁ ግን አራት።

ከአፈር እስከ ቡና አምስት ሳምንት ያህል ያዙ። በክረምት አትጀምሩ። ጭቃው ቢደርቅላችሁ እንኳ መሬቱና ማገዶው አይደርቅም።

## የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

ሁለት ባልዲ፣ አንድ ሰፊ ሳፋ፣ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት፣ አሮጌ አንሶላ፣ ላስቲክ፣ የኩሽና ሚዛን፣ ማስመሪያ፣ የቅል ስባሪ (ለመፋቂያ)፣ ከወንዝ የተለቀመ ልስልስ ጠጠር፣ ሹል ቢላዋ። ለአፍና አፍንጫችሁ ማስክ። በደንብ የተሰባበረ ገል ደግሞ የግድ ነው። ገል ስል የተሰበረ ምጣድ፣ ድስት ወይም ጀበና ማለቴ ነው። የወለል ሴራሚክና ጠርሙስ አይሆንም።

ማስጠንቀቂያ፦ ደረቅ አፈርና ገል ስትወቅጡ የሚነሳው አቧራ ሳንባ ይጎዳል። ውጭ ሆናችሁ፣ ማስክ አድርጋችሁ ውቀጡ። የሥራ ክፍላችሁን በመጥረጊያ አትጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉት። የጭቃ እጃችሁንም ባልዲ ውስጥ ታጠቡ እንጂ ማጠቢያ ሳህን ላይ አይሁን። ጭቃው ቧንቧ ውስጥ ይረጋና ይደፍነዋል። ይህንን የተማርነው ቧንቧ ሠሪ ጠርተን ከከፈልን በኋላ ነው።

## 1. አፈሩን ፈትኑ

ጥቁሩን መረሬ ብቻውን አትጠቀሙ። በበጋ መሬቱ ራሱ እጅ እስኪያስገባ ሲሰነጣጠቅ አይታችኋል። ጀበናችሁም እንደዚያው ይሆናል። ልምድ ያላት ሸክላ ሠሪ በአካባቢያችሁ ካለች ከፍላችሁ አፈሩን ከእሷ ውሰዱ። ካልሆነ የራሳችሁን አፈር በሦስት መንገድ ፈትኑ።

የመጠቅለል ፈተና። ጭቃውን እንደ ጣት ድቦልቡሉና ጣታችሁ ላይ ጠምጥሙት። ከተበጣጠሰ አሸዋ በዝቶበታል። ሳይሰነጠቅ ከዞረ ይሆናል።

የመኮማተር ፈተና። ጠፍጣፋ ቁራጭ ሥሩና በቢላዋ ጫፍ ልክ 10 ሴንቲሜትር መስመር አስምሩበት። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ መስመሩን ለኩ። ከ9 እስከ 9.5 ከሆነ ደህና ነው። ከ9 ካነሰ ተጨማሪ ገል ያስፈልገዋል።

የኮምጣጤ ፈተና። ደረቅ አፈር ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉ። አረፋ አውጥቶ ከተንጫጫ ውስጡ የኖራ ድንጋይ አለ። ይህንን አፈር ተዉት። ኖራ እሳት ውስጥ ዝም ይላል፤ ከእሳት ከወጣ በኋላ ግን ቀስ እያለ እርጥበት ይስብና ያብጣል። ከሳምንት በኋላ ደህና የነበረ ጀበና ላይ ትናንሽ ጉድጓዶች ይከፈታሉ፤ መሃላቸው ላይ ነጭ ነጥብ ታያላችሁ።

## 2. ጭቃውን አዘጋጁ

1. አፈሩን ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ ድርቅ አድርጉት። ደርቆ የተነከረ አፈር ራሱ ይፈርሳል፤ ግማሽ እርጥብ ሆኖ የተነከረ ግን ጓል ጓል እንዳለ ይቀራል።
2. ውቀጡት፤ ባልዲ ውስጥ ውሃ ላይ ነስንሱት። ለሦስት ቀን አትንኩት።
3. አማስላችሁ በወንፊት ወደ ሌላው ባልዲ አጥልሉት። ጠጠርና ሥር ይወጣል።
4. አንድ ቀን አሳድሩት። ላይ የጠራውን ውሃ ቀንሱ።
5. የቀረውን አንሶላ ላይ አፍስሳችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። እጅ ላይ መለጠፍ ሲተው ደርሷል።
6. ገሉን ወቅጣችሁ ንፉት። ሻካራ አሸዋ ይምሰል። ለሦስት ጣሳ ጭቃ አንድ ጣሳ የገል ዱቄት ጨምሩ።
7. ቦክቶ አንድ ወጥ እስኪሆን እሹት። በቢላዋ ለሁለት ቁረጡና ውስጡን እዩ። የአየር ቀዳዳ ካለ እንደገና እሹ።
8. በላስቲክ ጠቅልላችሁ ቢያንስ አንድ ሳምንት አሳርፉት።

የገሉን ነገር አደራ። «ጭቃው ልስልስ ይሁንልን» ብለው የሚቀንሱ አሉ። ገል አንዴ እሳት ያየ ስለሆነ ዳግም አይኮማተርም። ጭቃውን ደግፎ ይይዘዋል፤ ለእንፋሎቱም መውጫ ይሰጠዋል። ምድጃ ላይ የሚውል ዕቃ ያለ ገል አይሆንም።

ማሸቱን አንዳችሁ ጨርሱት። ሁለታችሁም ለየብቻ አሽታችሁ የየራሳችሁን ጉብታ ከያዛችሁ፣ አንዱ ውሃ ያበዛል፣ ሌላው ያሳንሳል። እዚህ ጋ ነው ልዩነቱ የሚጀምረው። ለአንድ መካከለኛ ጀበና ሁለት ኪሎ ያህል ጭቃ ከአንዱ ጉብታ ቁረጡ፤ ከዚያ ተካፈሉ።

## 3. ሆዱንና አንገቱን በተመሳሳይ ሰዓት ሥሩ

ይህ ክፍል ሁለታችሁም እቤት ባላችሁበት ቀን ይሁን። ቅዳሜ ከሰዓት ለእኛ ይመቸናል።

አንደኛው ሆዱን ይሥራ። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ። ጭቃውን እንደ ቂጣ ጠፍጥፋችሁ ሳህኑ ውስጥ አስቀምጡ። ከዚያ ጭቃ በመዳፋችሁ እንደ ገመድ እያድቦለቦላችሁ፣ ውፍረቱ የአውራ ጣት ያህል፣ ዙሪያውን ደርድሩ። እያንዳንዱን ዙር በውስጥም በውጭም ወደ ታች እየጎተታችሁ ከሥሩ ካለው ጋር አዋህዱ። ውጭውን ብቻ አለስልሶ ማለፍ የተለመደ ስህተት ነው። ውስጥ ያልተዋሃደው እሳት ላይ ይላቀቃል። ሆዱ ሰፊው ቦታ ላይ ሲደርስ አንድ ሰዓት አሳርፉት። እርጥብ እንዳለ ወደ ውስጥ ማጥበብ ከጀመራችሁ ይሰምጣል።

ሁለተኛው አንገቱን፣ መቅጃውንና እጀታውን ይሥራ። አንገቱን በእንጨት ዘንግ ላይ ጠቅልሉ። ዘንጉን አስቀድማችሁ በጋዜጣ ሸፍኑት፤ ካልሆነ ጭቃው ሲደርቅ ዘንጉን ነክሶ ይሰነጠቃል። አንገቱ ቅርጹን እንደያዘ ዘንጉን አውጡ።

ውፍረቱ በሁሉም ቦታ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ይሁን። በመርፌ ወጋ አድርጋችሁ ለኩ፤ ቀዳዳውን በጣት ድፈኑ። ቂጡ ወፍሮ ጎኑ የቀጠነ ጀበና ጎኑ ቀድሞ ይደርቅና ቂጡ ላይ ይተረተራል።

ሲያልቅ ሁሉንም በአንድ ላስቲክ ሥር አሳድሩ። አንዱን መስኮት ጋ፣ ሌላውን ጥግ ላይ አታስቀምጡ።

ሆዱ ከተጣመመ፦ ተዉት፣ ይጠገግ፣ ከዚያ በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ቀስ እያላችሁ መታ መታ አድርጉት። እርጥብ ሆኖ ለማቃናት አትታገሉ።

## 4. መግጠም

በማግስቱ ላስቲኩን ግለጡ። የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ሆዱ አፍ ላይ ተጫኑ፤ ከዚያ አንገቱ ላይ። ሁለቱ ምልክቶች እኩል መጥለቅ አለባቸው። አንዱ ላይ ጥፍሩ ሰጥሞ ሌላው ላይ ጭረት ብቻ ከተወ፣ አትግጠሙ። የደረቀውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑና መልሳችሁ በላስቲክ አንድ ሌሊት አሳድሯቸው። እኛ ይህንን የጥፍር ፈተና ከጀመርን ወዲህ አንገት የለቀቀብን ጀበና የለም።

1. መቅጃው የሚገባበትን ቀዳዳ ሆዱ ላይ ክፈቱ። አንገቱ ከተገጠመ በኋላ እጅ ስለማይገባ የቀዳዳውን ጠርዝ በውስጥ በኩል አሁኑኑ አለስልሱ።
2. የሚገናኙትን ሁለቱንም ጠርዞች በሹካ ጫሯቸው። ጭረቱ ጠለቅ ይበል።
3. ከዚያው ከጉብታው ጭቃ ቁንጥር ወስዳችሁ በውሃ በጥብጡ፤ ውፍረቱ እንደ አጥሚት። ሁለቱንም ጭረቶች ቀቡ። በባዶ ውሃ አትቀቡ፤ ውሃ አያጣብቅም።
4. አሁን አራት እጅ ያስፈልጋል። አንዳችሁ ሆዱን ከሥር በሁለት መዳፍ ደግፉ። ሌላኛው አንገቱን አስቀምጦ፣ ግራና ቀኝ ትንሽ እያወዛወዘ ወደ ታች ይጫን። የተበጠበጠው ጭቃ ዙሪያውን ብቅ ካለ ይዟል።
5. መጋጠሚያው ላይ እንደ እርሳስ የቀጠነ የጭቃ ገመድ አዙሩና ወደ ላይም ወደ ታችም አዋህዱት።
6. መቅጃውን በዚሁ መንገድ ግጠሙ። የመቅጃው ጫፍ ቡናው ከሚሞላበት ልክ ከፍ ማለት አለበት። ማስመሪያውን አግድማችሁ እዩ። ዝቅ ካለ ጀበናው ግማሽ ሳይሞላ በአፍንጫው ይፈስሳል፤ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ማስተካከያ የለውም።
7. እጀታውን መጨረሻ ላይ፣ ከአንገት ወደ ሆድ ግጠሙ።

ጀበናው ጠገግ ብሎ፣ ስትነኩት የጣት አሻራ የማይዝ ሲሆን፣ በቅል ስባሪው ፋቁት። ከዚያ በጠጠሩ አሹት። ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዛችሁ፣ በአንድ አቅጣጫ። መጀመሪያ ደብዘዝ እንዳለ ይቆያል፤ ድንገት ከጠጠሩ ሥር ብርሃን እንደነካው ያብለጨልጫል። ጠጠሩ ጭቃ እየያዘ ከጎተተ ገና እርጥብ ነው፣ ጠብቁ። አቧራ ካስነሳ ደግሞ አልፎበታል።

## 5. ማድረቅ

ሁለት ሳምንት። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሁሉ ይከስራል።

ከ1ኛው እስከ 4ኛው ቀን፦ ሙሉ በሙሉ በላስቲክ ሸፍኑ። በየቀኑ ላስቲኩን ገልብጡት፤ ውስጡ የሚያዝለው ውሃ ጀበናው ላይ መንጠባጠብ የለበትም።

ከ5ኛው እስከ 8ኛው ቀን፦ ላስቲኩን አንሱና በጨርቅ ሸፍኑ። እጀታውንና የመቅጃውን ጫፍ ግን በትንሽ ፌስታል ጠቅልላችሁ አቆዩ። ቀጭን ስለሆኑ ከሆዱ ቀድመው ይደርቃሉ።

ከዚያ በኋላ፦ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በማይመታው ቦታ ገልጣችሁ አስቀምጡ። ክብ ቂጡን በደረቅ አሸዋ ወይም አመድ ላይ አሳርፉት፤ በየቀኑ ትንሽ አዙሩት።

ደርቋል ወይ? ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት። ቀዝቀዝ ካለ ውሃ እየወጣ ነው። ይበልጥ የሚታመነው ግን ሚዛኑ ነው። ትናንት 1 ኪሎ ከ420 ግራም መዝኖ ዛሬ 1 ኪሎ ከ405 ከሆነ ገና ነው። ሁለት ቀን ተከታትሎ አንድ ዓይነት ከመዘነ ደርሷል። ባለቤቴ ክብደቱን በየቀኑ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ይጽፋል።

ስንጥቅ ከታየ፦ ጭቃው ገና ጠገግ ያለ ከሆነ ስንጥቁን በቢላዋ ከፈት አድርጉ፣ ጫሩ፣ የተበጠበጠ ጭቃ አግቡና ትንሽ ጭቃ ጨምራችሁ እሹት፤ ከዚያ ከ1ኛው ቀን ጀምሩ። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ ግን አትለጥፉበት። እርጥቡ በደረቁ ላይ አይይዝም፤ እሳት ውስጥ ይወድቃል። ሰባብራችሁ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ መልሶ ጭቃ ይሆናል። ምንም አልጠፋባችሁም።

## 6. ቅድመ ማሞቅ

የደረቀ የሚመስል ጀበና ውስጥ አሁንም ውሃ አለ። ይህ ውሃ ሲፈላ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። መውጫ ካጣ ግድግዳውን በርግዶ ይወጣል። «ጧ» የሚለው እሱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ «ከ100 በታች ነው» ብላችሁ 95 ላይ አትክፈቱት።

ኦቭን ካላችሁ 80 ዲግሪ ላይ፣ በሩን በትንሹ ከፍታችሁ፣ አራት ሰዓት አቆዩት። ከሌላችሁ ከፍም ክንድ ያህል አርቃችሁ አስቀምጡ፤ በየሩብ ሰዓቱ አዙሩና ቀስ በቀስ አስጠጉት። ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ቀዝቃዛ መስታወት ጀበናው አፍ ላይ ያዙ፤ ጉም ከሠራበት ውሃው አላለቀም።

## 7. ማቃጠል

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ በክፍል ውስጥ፣ በረንዳ ላይ ወይም ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የሚሠራ አይደለም። ጭሱና የማይታየው የከሰል ጋዝ ይገድላል። ከቤት፣ ከአጥርና ከጭድ ክምር የራቀ ገላጣ ቦታ ፈልጉ። ለጎረቤት ቀድማችሁ ንገሩ። ሁለት ባልዲ ውሃና አካፋ አጠገባችሁ ይሁን። ናይለን ልብስ አትልበሱ። ልጆች ከሰው ጋር ይቆዩ።

1. ነፋስ የሌለበት ጠዋት ምረጡ።
2. ቦታው ላይ መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት ያህል ተራ እሳት አንድዱ። የረጠበ መሬት ከሥር እንፋሎት ይልካልና። ፍሙን ጠርጋችሁ ትኩሱን አመድ ተዉት።
3. አመዱ ላይ ገል ደርድሩ፣ በላዩ ደረቅ ኩበት። ሲነኩት የሚሰባበር ደረቅ ይሁን።
4. ጀበናዎቹን ከማሞቂያው እንደወጡ፣ ሙቀታቸው ሳይበርድ፣ በጎናቸው አስተኟቸው። እርስ በርስ አይነካኩ። ከዚያው ጭቃ የተሠራ ትንሽ ደረቅ ቁራጭም ለፈተና አብራችሁ አስገቡ።
5. ትላልቅ ገሎችን እንደ ጣሪያ ደርቡባቸው። ነበልባሉና ነፋሱ በቀጥታ አይመታቸውም።
6. ኩበቱን ዙሪያውን አቁሙ፣ ላዩን ሸፍኑ፣ በጭድ ጨርሱ። ለሁለትና ሦስት ጀበና እኛ ሁለት ማዳበሪያ ኩበትና አንድ ማዳበሪያ ጭድ እንጠቀማለን። ግንድ እንጨት አታስገቡ፤ ሲነድ ወድቆ ይሰብራል።
7. ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ካለው ጫፍ ለኩሱ። እሳቱ ነፋሱን እየተጋፈጠ ስለሚሄድ ቀስ ብሎ ይዳረሳል። ነፋሱ ከሚመጣበት ከለኮሳችሁ ባንዴ ይነዳል።

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ዝግ ይበል። ነበልባል ከበዛ አመድ በተኑበት። በሁለተኛው ሰዓት ኩበት መጨመር ትችላላችሁ። በገሎቹ መሃል ስታዩ ጀበናው ራሱ የፍም መልክ ካወጣ ደርሷል። ይህንን መልክ ለግማሽ ሰዓት ጠብቁት።

ጥቁር ጀበና ከፈለጋችሁ፣ በዚህ ሰዓት ብዙ ጭድ ወይም እርጥብ የባህር ዛፍ ቅጠል ጫኑበትና ወዲያውኑ በአመድና በአፈር ድፈኑት። አየር ያጣው ጭስ ሸክላው ውስጥ ይሰርጋል። ቀይ ከፈለጋችሁ ተዉት፣ ራሱ ይክሰም።

አትግለጡት። ሁለት ሆኖ የመሥራት ፈተና እዚህም አለ፤ ሁልጊዜ አንዱ «ትንሽ ልየው» ይላል። ሸክላው ውስጥ ያለው የአሸዋ ዘር በ573 ዲግሪ አካባቢ መጠኑን ይለውጣል። እዚያ ላይ ብርድ ነፋስ ካገኘው ከአፍ እስከ ቂጥ ይሰነጠቃል። በባዶ እጅ እስኪያዝ ጠብቁ። ጠዋት ያቃጠልነውን ብዙ ጊዜ ማታ ነው የምናወጣው።

በውጭ አገር ሆናችሁ ጓሮ ውስጥ እሳት ማንደድ የማይፈቀድላችሁ ከሆነ፣ የሰፈር ሸክላ ማሠልጠኛዎች የኤሌክትሪክ ምድጃቸውን ያከራያሉ፤ ጠይቁ። እስከ 600 ዲግሪ በሰዓት ከ100 ዲግሪ አይለፍ፤ 900 ላይ ይቁም። በሩ ከ100 በታች ሳይወርድ አይከፈት።

## 8. ፈትኑና አሟሹት

ጀበናውን በጣት ቆርቆር አድርጉት። ከጮኸ ደህና ነው። «ዱብ» ካለ ወይ ተሰንጥቋል ወይ አልበሰለም። ለማወቅ አብሮ የተቃጠለ ቁራጭ ውሃ ውስጥ አሳድሩ። ከሟሸሸ አልበሰለም፤ ጀበናውን እንደገና አሙቃችሁ መልሳችሁ ማቃጠል ትችላላችሁ።

ከዚያ አሟሹ። አንድ ሌሊት ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት። ውጭው ቢያልበው አትደንግጡ። በማግስቱ ውሃውን ደፍታችሁ ወተት ሙሉበትና በለዘበ ከሰል ላይ ቀስ ብሎ ይፍላ። ወተቱ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። አጥባችሁ ደግሞ የቡና አተላ በውሃ ሁለት ጊዜ አፍሉበት። የጋዝ ምድጃ ከሆነ ያላችሁ በነበልባሉና በጀበናው መሃል ብረት አስገቡ። ባዶውን አትጣዱት፤ ትኩሱንም ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ሳይሆን ማቶት ላይ አስቀምጡት።

## ከተሰበረ ስብራቱን አንብቡት

- እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ቅራፊ ከጎኑ ተፈንጥሯል፦ እንፋሎት ነው። ወደ 5ኛና 6ኛ ደረጃ ተመለሱ።
- መጋጠሚያው ዙሪያውን ለቋል፦ እርጥበቱ አልተመጣጠነም። የጥፍሩን ፈተና ዘላችሁታል።
- ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ ስለታም ስንጥቅ፦ ቶሎ ተገልጧል።
- ቂጡ ላይ እንደ ኮከብ የተተረተረ፦ ቂጡ ወፍሯል።
- ከቀናት በኋላ ነጭ ነጥብ ያላቸው ጉድጓዶች፦ ኖራ ነው። አፈሩን ቀይሩ።

ስብርባሪውን አትጣሉት። ምን እንደሰበረው ከለያችሁ በኋላ ወቅጣችሁ ንፉና ክዳን ባለው ጣሳ አስቀምጡት። ለሚቀጥለው ጭቃችሁ፣ ለሦስት ጣሳ አንድ የምትጨምሩት ገል እሱ ነው።